ቀን በመጋዘን፣ ማታ በቤዝ ጊታር

ስለ ሮክ ሙዚቃ ሰዎች የተጻፉ የሕይወት ታሪኮችን ያገላበጠ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ባለታሪኮቹ ደመወዝ በልተው የሚያውቁ አይመስሉም። ልጁ ጊታር ያነሳል፣ ከአባቱ ጋር ይጋጫል፣ ትምህርቱን ያቋርጣል፣ መሰሎቹን ያገኛል፤ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ስሙ በዓለም ይናኛል። ለመሆኑ በመካከሉ የቤት ኪራዩን ማን ከፈለ? ጊታሩስ በምን ገንዘብ ተገዛ? ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከጭፈራ ቤት የወጣ ሰው በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሥራ ገበታው እንዴት ተገኘ? ይህን የሚመልሱ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹም ሁለቱን የጻፉት የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ናቸው። በእኔ እምነት ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሮሊንግ ስቶንስ የቤዝ ተጫዋች የነበረው ቢል ዋይማን ከጋዜጠኛው ሬይ ኮልማን ጋር ሆኖ በ1990 ያሳተመው «ስቶን አሎን» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱ በቃል የሚጫወት ነው። «ብቸኛው ድንጋይ» ማለት ሲሆን ከድንጋዮቹ ማለትም ከባንዱ አባላት መካከል ለብቻው የቀረውን ሰው ይጠቁማል። ሁለተኛው ስቲንግ በ2003 ያወጣው «ብሮክን ሚዩዚክ» ነው፤ «የተሰባበረ ሙዚቃ» እንደ ማለት። ስቲንግ ልጅ ሳለ በፒያኖ ላይ የሚያወጣውን ጩኸት አያቱ የጠሩበት ስም ነው። ሁለቱም መጻሕፍት ዝናን ሳይሆን ከዝና በፊት የነበረውን ዘመን አብዝተው ይተርካሉ። ሁለቱም ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ማታ በሌላ መድረክ የኖረ ሰው ታሪክ ናቸው። በአጻጻፍ የስቲንግ መጽሐፍ እጅግ ይበልጣል። ስለ እንጀራና ስለ ሙዚቃ ዝምድና እውነቱን የሚነግረን ግን፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ የዋይማን መጽሐፍ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ማንም ያልፈለገው መሣሪያ

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ቤዝ ጊታር ብዙውን ጊዜ አራት ክር ያለው ሲሆን ድምፁ ከመደበኛው ጊታር ወፍራም ክሮች በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ በ1951 «ፕሪሲዥን» የተሰኘውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ እስኪያወጣ ድረስ፣ በዳንስ ባንዶች ውስጥ ይህን ድምፅ የሚያወጣው ሰው ቁመቱን የሚያክል የእንጨት መሣሪያ እየጎተተ ይዞር ነበር። አዲሱ መሣሪያ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ በአውቶቡስም ይጫናል። ድምፁ እንዲሰማ ግን አምፕሊፋየር ይፈልጋል። አምፕሊፋየር ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

ወጣቶች ባንድ ሲያቋቁሙ ሁሉም ማይክሮፎኑን ወይም ሊድ ጊታሩን ይሻል። ቤዝ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዕጣ የወጣበት ሰው ነው። ፖል ማካርትኒ የቢትልስን ቤዝ የያዘው በ1961 ስቱዋርት ሳትክሊፍ ባንዱን ትቶ በመሄዱ ነው። በሮሊንግ ስቶንስም ቤዙን መጀመሪያ የያዘው ዲክ ቴይለር ጊታር ተጫዋች ነበር፤ በ1962 መገባደጃ ላይ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርቱ ለመመለስ ሲል ባንዱን ተወው። ሮሊንግ ስቶንስ የቤዝ ተጫዋች የጎደለበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው፤ የነበረው ልጅ ትምህርቱን መረጠ።

ስለዚህ አንድ ባንድ የቤዝ ተጫዋች ለመቀበል ሲፈትን የሚጠይቀው ጥያቄ ከሌላው ይለያል። «እንዴት ይጫወታል?» ብቻ አይልም። መሣሪያ አለው ወይ? አምፕሊፋየር አለው ወይ? በሰዓቱ ይመጣል ወይ? እያለ ይቀጥላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች አዎን ብሎ ለመመለስ የሚችለው ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ነው።

የአምፕሊፋየሩ ፈተና

ቢል ዋይማን የተወለደው በ1936 በደቡብ ለንደን ሲሆን የወላጆቹ ስም ፐርክስ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር። ልጁ ጥሩ ተማሪዎች የሚመረጡበት ትምህርት ቤት ገብቶ ሳለ፣ የመጨረሻውን ፈተና ሊወስድ ጥቂት ሲቀረው አባቱ አስወጥቶ በፈረስ ውርርድ ቤት ሥራ አስያዘው። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣና በአየር ኃይል ውስጥ ጀርመን አገር አገለገለ። ዋይማን የሚለውን ስም የወሰደውም ከአንድ የውትድርና ጓደኛው ነው። ተመልሶ ሥራ ያዘ፣ በ1959 አገባ፣ በ1962 ወንድ ልጅ ወለደ። በዚያን ጊዜ በስትሪተም በአንድ የኢንጂነሪንግ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ «ክሊፍተንስ» ከሚባል የሰፈር ባንድ ጋር በዳንስ ምሽቶችና በሠርግ ቤቶች ይጫወታል።

የመጀመሪያ ቤዙን ያገኘበት መንገድ ከመጽሐፉ መልካም ገጾች አንዱ ነው። በ1961 ርካሽ አሮጌ ቤዝ ገዛ። ቅርፁ አላማረውምና በመጋዝ ቆረጠው። በአንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች ስላረጁ፣ በአዲስ ሊተካቸው አስቦ ነቀላቸው። ነቅሎ ሲሞክረው ድምፁን ወደደው፤ እንደዚያው ተወው። ዛሬ መስመር አልባ ቤዝ በየሙዚቃ መደብሩ በብዙ ዋጋ ይሸጣል። ዋይማን ግን ለእውቀት ሲል ወይም ለመራቀቅ ብሎ አልነበረም የነቀላቸው። የነበረው ገንዘብ የሚበቃው ለአሮጌ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ እጁም መጋዝና ጉጠት የለመደ እጅ ነበር።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1962 በቼልሲ «ዌዘርቢ አርምስ» በተባለ መጠጥ ቤት ተፈተነ። የወሰደው በክሊፍተንስ አብሮት ይሠራ የነበረው ከበሮ መቺው ቶኒ ቻፕማን ነው። ዋይማን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚክ ጃገርና ኪዝ ሪቻርድስ ግን ሃያ አልሞላቸውም። እሱ ንጹሕ ልብስ ለብሷል፤ እነሱ ጠጉራቸው የተንጨባረረ፣ ልብሳቸው የቆሸሸ ነው። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ዕቃውን ሲያወርድ ነው። አንድ ትልቅ ስፒከርና አንድ ትርፍ ቮክስ አምፕሊፋየር ይዞ መጥቶ ነበር። ሲጋራም ነበረው፤ መጠጥም ጋበዘ። ያን ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። ኪዝ ሪቻርድስም በ2010 ባሳተመው «ላይፍ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህንኑ የአምፕሊፋየር ነገር እየሳቀ ያነሳዋል።

ይህ ታሪክ ሲነገር እንደ ቀልድ ነው። ቢል ዋይማን ለአምፕሊፋየሩ ሲባል ተቀጠረ ይባላል፤ አድማጩም ይስቃል። ነገር ግን ቆም ብለን እንየው። ያ አምፕሊፋየር ከየት መጣ? ከመጋዘኑ ደመወዝ ነው የመጣው። ጃገር የኤኮኖሚክስ ተማሪ ነበር፤ ሪቻርድስ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ሁለቱ ከብራያን ጆንስ ጋር ሆነው በአንድ የተጨማለቀ ቤት ይኖሩ ነበር። ድህነታቸው እውነት ነው፤ ግን ቢወድቁ የሚመለሱበት የወላጅ ቤት ያላቸው ልጆች ድህነት ነው። ዋይማን ሚስትና የስምንት ወር ልጅ ነበረው። እሱ ቢወድቅ ሦስት ሰው ነው የሚወድቀው። የሚጫወተው ሙዚቃ እንደ እነሱ የወጣትነት አመፅ ሊሆን አይችልም። ለወራትም ያህል ቀን ቀን በመጋዘኑ እየሠራ፣ ማታ ማታ ከባንዱ ጋር ሲጫወት ቆየ። መጋዘኑን የተወው በ1963 ነው፤ የባንዱ የመጀመሪያ ሸክላ የወጣውም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነው። በጥር 1963 ባንዱን የተቀላቀለው ከበሮ መቺ ቻርሊ ዋትስም በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠዓሊ ሆኖ የሚሠራ ደመወዝተኛ እንደነበረ ልብ ይሏል። የሮሊንግ ስቶንስ ምት ያረፈው እንግዲህ በሁለት ሰዓት አክባሪ ሠራተኞች ላይ ነው።

ሒሳብ የሚይዘው ሰው

ዋይማን ከልጅነቱ ጀምሮ ማስታወሻ የሚጽፍ፣ ወረቀት የማይጥል ሰው ነው። መጽሐፉም ከዚያ የተቀዳ ነው። የት እንደተጫወቱ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ፓውንድና ስንት ሺሊንግ ለእያንዳንዳቸው እንደደረሰ እየዘረዘረ ይሄዳል። ለዚህም ነው መጽሐፉ አሰልቺ ነው፣ የግምጃ ቤት መዝገብ ይመስላል የሚል ወቀሳ የሚቀርብበት።

ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ከስድስት መቶ ገጽ ያላነሰ መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩ ግን የሚያበቃው በሐምሌ 1969 ነው፤ ብራያን ጆንስ በሞተ በሁለተኛው ቀን ባንዱ በሃይድ ፓርክ ባቀረበው ትርኢት። የትርኢቶቹ ዝርዝር አንባቢን ያደክማል። ነገር ግን ይህን የሒሳብ ጠባይ እንደ ጉድለት ብቻ ማየት የጸሐፊውን ማንነት መሳት ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው የገባውንና የወጣውን ይመዘግባል። ቤዝ የሚጫወት ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ይቆጥራል። ዋይማን በመድረክ ላይ መሣሪያውን ሽቅብ አቁሞ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ፊቱን ሳያጠቁርም ሳያፈካም ይጫወት ነበር። መጽሐፉም እንደዚያው ነው። ሌሎቹ ሲዘሉ እሱ ይቆጥራል። ሌሎቹ የማያስታውሱትን የሚያስታውሰውም ስለዚህ ነው።

ይህ ቆጠራ ቀስ በቀስ አንድ መራራ እውነት ያወጣል፤ የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ዘላቂው ገንዘብ ያለው በመድረክ ላይ ሳይሆን በዘፈኑ ባለቤትነት ላይ ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ዘፈኖች በአብዛኛው የጃገርና የሪቻርድስ ተብለው ተመዘገቡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጋራ የደረሷቸው ጥቂት ሥራዎች «ናንከር ፌልጅ» በሚል የቡድን ስም ይመዘገቡ ነበር፤ ያ አሠራር ግን ብዙ አልዘለቀም። በ1968 የወጣውን «ጃምፒን ጃክ ፍላሽ» ያስነሳውን ዜማ በኪቦርድ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ ይላል ዋይማን፤ በምዝገባው ላይ ግን ስሙ የለም። በስሙ ተመዝግቦ በባንዱ መደበኛ አልበም ላይ የወጣለት ዘፈን አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በ1967 የወጣው «ኢን አናዘር ላንድ» ነው። ዓለም ሚሊየነር ነው ብሎ በሚያስብበት ዘመን እሱ የባንክ ዕዳ ይቆጥር ነበር።

ይህን ሁሉ ስናነብ አንድ ነገር ይከሠትልናል። ዋይማን በ1963 መጋዘኑን ጥሎ ወጣ፤ ግን ከደመወዝተኛነት አልወጣም። አለቃው ተለወጠ እንጂ ሥራው አንድ ነው። በሰዓቱ ይመጣል፣ የተሰጠውን ይሠራል፣ ትርፉ የሌላ ነው። «ሥራዬን ትቼ ወደ ጥበብ ልግባ» ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ክፍል ቢያነብ ይጠቀማል። ከአንዱ በር ወጥቶ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ከዚያ ወዲያ ምን በማን ስም እንደሚመዘገብ ይጠይቃልና።

የመጽሐፉ እውነተኛ ነውር ግን ሌላ ነው። ዋይማን ሴቶችንም ይቆጥራል። በየከተማው ያገኛቸውን እንደ ትርኢት ገቢ ይደምራል። ፓውንድና ሺሊንግ ሲቆጠር ከጀርባው የሰው ድካም ይታያል፤ ሰው ሲቆጠር ግን የሚታየው የቆጣሪው ባዶነት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ይዛ የቀረችው ሚስቱ በእነዚህ ገጾች ላይ ድምፅ የላትም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

መምህሩና ሸሚዙ

ስቲንግ በ1951 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዎልሴንድ በተባለች የመርከብ መሥሪያ ከተማ ተወለደ። እናቱ ጠጉር ሠሪ፣ አባቱ ወተት አከፋፋይ ነበሩ። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከአባቱ ጋር ወተት ለማደል ሲሄድ፣ በመንገዱ ጫፍ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የመርከቦቹ አካል ተገትሮ ይታያል። «ብሮክን ሚዩዚክ» ይህን ዓለም ሲሥል እጅግ ውብ ነው። ብርዱ ይሰማናል፤ የጠርሙሱን ኳኳታ እንሰማለን። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ያልተነገረ ፍቅር ሳይሰበክ ይገባናል።

ጎርደን ሰምነር (ወላጆቹ ያወጡለት ስም ይህ ነው) በአውቶቡስ ትኬት ቆራጭነት፣ በቀን ሠራተኝነት፣ በገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ሠርቷል። ከዚያ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ከ1974 እስከ 1976 በክራምሊንግተን በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረ። ማታና ቅዳሜና እሑድ ኒውካስል ውስጥ ቤዝ ይጫወታል፤ ከዕድሜ ጠገብ የጃዝ ተጫዋቾች ጋርም፣ «ላስት ኤግዚት» ከሚባለው የራሱ ባንድ ጋርም። ስቲንግ የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የጃዝ ጓደኞቹ ናቸው። ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው ሹራብ ስለሚያዘወትር ተርብ መሰላቸው።

እነዚህ ምዕራፎች ላይ ያሉት የጃዝ ሰዎች የማይረሱ ናቸው። ቀን በየመሥሪያ ቤታቸው ውለው ማታ መለከታቸውን የሚያነሡ፣ ዝነኛ የመሆን ተስፋ የሌላቸው፣ ግን ኖታ አንባቢ ሆነው ወጣቱን የሚቀርፁ ሰዎች ናቸው። ስቲንግ የተማረው ከእነሱ ነው። እነሱ በኒውካስል ቀሩ። መጽሐፉ ለእነሱ የሚሰጠው ክብር ደስ ያሰኛል።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ የሚያድርብኝ እዚህ ላይ ነው። ስቲንግ መጽሐፉን የሚጀምረው በ1987 ብራዚል ውስጥ በአንድ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ላይ መጠጥ ጠጥቶ ባየው ራእይ ነው። የልጅነቱ ዘመን በዚያ ራእይ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ሥራውም፣ ድካሙም፣ የተማሪዎቹ ፊትም፣ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ታወቀ ዕድል የሚያመራ ጎዳና ሆኖ ይታያል። ትምህርት ቤቱ ማረፊያ ጣቢያ ይመስላል። ደመወዙ ስንት ነበር? መሣሪያው በስንት ተገዛ? ዋይማን ቢሆን እስከ ሳንቲሙ ይነግረን ነበር። ስቲንግ ስለ ሥራ ሲጽፍ ይዘምራል፤ መዝሙር ደግሞ ያማረ ቢሆንም ደረሰኝ አይሆንም።

ሥራው ግን እሱ ከሚያምነው በላይ በሙዚቃው ውስጥ አለ። በ1980 የወጣው «ዶንት ስታንድ ሶ ክሎዝ ቱ ሚ» ስለ አንድ መምህርና ስለ ተማሪው ነው። የፖሊስ ባንድ አባላት ሦስቱም ጠጉራቸውን ወርቃማ ያደረጉት በሙዚቃ ፍልስፍና አልነበረም፤ በ1978 በአንድ የማስቲካ ማስታወቂያ ላይ ሠርተው ገንዘብ ለማግኘት ነው። ዓለም የባንዱ መለያ አድርጎ የተቀበለው መልክ የትርፍ ጊዜ ሥራ ውጤት ነበር። እንጀራ ሙዚቃን ያጠፋዋል የሚለው ብሂል ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት ግን ከጠባይ የመጣ ብቻ አይደለም። ስቲንግ ቤዝ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ነው። «ሮክሳን» የእሱ ነው፤ በ1983 የወጣው «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ» የእሱ ነው። እሱ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ የመጋዘኑ ባለቤት ሆነ። ዋይማን ከመጋዘን ወጥቶ ሌላ መጋዘን ገባ። አንዱ የሚዘምረው፣ ሌላው የሚቆጥረው ለዚህም ነው።

ቤት የቀሩት

ሁለቱም መጻሕፍት ሳይከፍሉት የቀሩት አንድ ዕዳ አለ። ቀን ሥራ፣ ማታ ልምምድ ያለው ሰው ሦስተኛ ቦታም አለው፤ እሱም ቤቱ ነው። ማታ የሚወጣ አባት ያለው ልጅ በማን እጅ አደገ? ዋይማን ይህን ከሞላ ጎደል ዘሎታል። ስቲንግ የተሻለ ነው፤ ባለቤቱ ፍራንሲስ ቶሜልቲ ተዋናይ እንደነበረች፣ ሥራዋም ለንደን እንደሚስባት ይነግረናል። በጥር 1977 የሁለት ወር ሕፃን ይዘው ወደ ለንደን ሲሄዱ እሱ ቋሚ ገቢ አልነበረውም፤ የሥራ አጥ ድጎማም ተቀብሏል። ስቲዋርት ኮፕላንድ የተባለው ከበሮ መቺ ኒውካስል ውስጥ ሲጫወት አይቶት ስለነበረ አዲስ ባንድ ሊያቋቁሙ ነው። ይህን ሁሉ ድፍረት የቻለው ከጎኑ ሙያ ያላት፣ ለንደንን የምታውቅ ሴት ስለነበረች ነው። መጽሐፉ ይህን ሳይክድ ያልፋል፤ ግን ያልፋል። ትዳሩ ሲፈርስ ደግሞ ብዕሩ ይቸኩላል።

ሌሎች ቤት የቀሩም አሉ። ቢል ዋይማንን ወደ ፈተናው የወሰደው ቶኒ ቻፕማን የት ደረሰ? ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ቻርሊ ዋትስ ተተካበትና ከባንዱ ወጣ። በሩን ያሳየው ሰው በሩ ተዘጋበት። የቤዙን ቦታ የለቀቀው ዲክ ቴይለር ግን በ1963 «ፕሪቲ ቲንግስ» የተባለውን ባንድ አቋቁሞ ወደሚወደው ጊታር ተመለሰ። ትዝታ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ያለፈለት ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መጻሕፍት የሚያነብ ሰው፣ በዚያው ሳምንት በሌላ መጠጥ ቤት ተፈትነው «እንጠራሃለን» ተብለው ሳይጠሩ የቀሩትን፣ ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታቸው የተመለሱትን ማሰብ አለበት። እነሱ መጽሐፍ አልጻፉም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል፤ ታሪኩ በሌላ መንገድ የሄደ ነውና። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአዲስ አበባ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። ተጫዋቹ መለዮ ለባሽ ነው፤ ደመወዙንም የሚያገኘው ከሚጫወትበት ተቋም ነው። ሥራና ሙዚቃ አልተለያዩም። በኋላ በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች የሚጫወቱ ባንዶች ሲመጡ ነው ተጫዋቹ የራሱን መሣሪያና የራሱን ውል ማሰብ የጀመረው። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን የመሰሉ ቤዝ ተጫዋቾች በስንት ካሴት ላይ እንዳሉ ያስተዋለ አድማጭ ጥቂት ነው፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶግራፍ የዘፋኙ ነውና። የዋይማን ብሶት ለእኛም እንግዳ አይደለም።

መደምደሚያው ሁልጊዜ መድረክ እንዳልሆነ የሚያሳየን ደግሞ ቤዝ ሳይሆን ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለብዙ ዓመታት ከዋሽንግተን አቅራቢያ ካለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱ በታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውጥቶ ይለማመድበታል። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም አዲስ ሰው ያገኘ መሰለው፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘውን አዲስ አልበም አወጣ። የታክሲውን ዘመን «የባከነ» ማለት ይቻላል? እኔ አይመስለኝም። ጣቱ ያልዛገው በዚያ ዘመን ስለተለማመደ ነው። ልምምዱን የቻለው ደግሞ ታክሲው ስላበላው ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ብሮክን ሚዩዚክ»ን ለቋንቋው፣ ለአባትየውና ለኒውካስል ጃዝ ተጫዋቾች ሲባል ማንበብ ይገባል፤ የብራዚሉን መግቢያ በትዕግሥት ማለፍ ነው። «ስቶን አሎን»ን ግን መጀመሪያውን ሢሶ በጥሞና፣ ስለ ዘፈን ባለቤትነትና ስለ ገንዘብ የሚያወራውን በእርሳስ እያሰመሩ፣ የተቀረውን እየዘለሉ ማንበብ ይበቃል። ዋይማን በ1993 መጀመሪያ ላይ ባንዱን መልቀቁን አሳወቀ። በ2023 በወጣው «ሃክኒ ዳይመንድስ» አልበም በአንድ ዘፈን ላይ ቤዝ ሲጫወት የሰማ ሰው ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ጣት ሰምቷል። አሁንም አልቸኮለም፤ አሁንም ይቆጥራል።

በከተማችንም ከቢሮ ወጥቶ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ፣ በሚኒባስ ተጋፍቶ ወደ ልምምድ የሚሄድ ወጣት አለ። ሰዎች «ወይ ሥራህን ያዝ፣ ወይ ሙዚቃህን ያዝ» ይሉታል። ከሁለቱ መጻሕፍት እኔ ያገኘሁት መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ ሁለቱንም እስከቻልክ ያዝ፤ የአምፕሊፋየሩን ደረሰኝ አስቀምጥ፤ ዘፈኑ ሲመዘገብ በማን ስም እንደሆነ ጠይቅ፤ ማታ በሩን ዘግተህ ስትወጣ ደግሞ በሩን ከውስጥ የሚቆልፈው ማን እንደሆነ አትርሳ።